ባቲ በየትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ናት?

«ኦሮሚያ ልዩ ዞን» ብዬ ብጽፍላችሁ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቸኩላችሁ አትመልሱ። ለብዙ ዓመታት በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዞኖች ነበሩን። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ያለው፣ ዋና ከተማው ከሚሴ የሆነው፣ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዌ ሐረዋን የያዘው ነው። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ አዲስ አበባን ከቦ፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ይዞ የነበረው «በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን» ነው። የዚህኛው ዞን ዋና ዋና ከተሞች በ2015 ሸገር ከተማ ተብለው ሲዋቀሩ ግራ መጋባቱ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም። የቆዩት ሪፖርቶች፣ የቆዩት የኤክሴል ፋይሎች፣ ከእነሱ እየተገለበጡ የሚሠሩት አዳዲስ ሠንጠረዦች እንዳሉ ናቸው።

የከሚሴው ዞን ራሱ ደግሞ አንድ ስም የለውም። በአንዱ ደብዳቤ «የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር» ነው፣ በሌላው «የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን»፣ በዜና ላይ «ኦሮሚያ ልዩ ዞን»፣ በእርዳታ ድርጅት ካርታ ላይ «ኦሮሚያ» ብቻ። ሰዉ በአፉ «ከሚሴ ዞን» ብሎ ይገላገላል። አንድ ስም ሁለት ቦታ፣ አንድ ቦታ አምስት ስም። ጎረቤቱ አርጎባም ከዚህ አላመለጠም፤ አማራ ክልል ውስጥ አርጎባ ልዩ ወረዳ አለ፣ አፋር ክልል ውስጥም አርጎባ ልዩ ወረዳ አለ።

ይህን የማነሳው ስለ ስያሜ ለመከራከር አይደለም። ዞኑ ምን ይባል የሚለውን ባለቤቶቹ ይጨነቁበት። እኔን ያስነሳኝ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየስብሰባውና በየመግለጫው የሚዘመረው «በዳታ የተደገፈ ውሳኔ» የሚለው መዝሙር ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ከተባለ ጀምሮ ሲስተም ያልገዛ፣ ዳታቤዝ ያላስመረቀ መሥሪያ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ሪባን ተቆርጦ ሲያበቃ ግን አንድም ሰው ሁለት ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማም። እዚህ ዓምድ ላይ የተጻፈው ቃል ምን ማለት ነው? የጻፈውስ ሰው ነገሩን ምን ያህል አውቆት ነው የጻፈው? ለሁለቱም መልስ የለንም። ያለን ሳጥን ነው፤ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ ብቻ የሚሞላ ሳጥን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ሕዝብ ዳታን ከጫፉ ይዞ ሲጎትት ማየት ያናድዳል።

ስህተቱ እንዴት እንደሚወለድ ላሳያችሁ። ከወረዳ የመጣ ዝርዝር አለ። ክልል፦ አማራ። ዞን፦ ኦሮሚያ። ወረዳ፦ ባቲ። አዲስ አበባ ያለ፣ ከወሎ በኩል ምንም የማያውቅ ወጣት ባለሙያ ይህን ፋይል «አጽዳ» ተብሎ ይሰጠዋል። ዞን በሚለው ስር «ኦሮሚያ» ሲያይ የክልሉ ዓምድ የተሳሳተ ይመስለዋል። አማራ የሚለውን አጥፍቶ ኦሮሚያ ብሎ ያስተካክላል። ተንኮል የለበትም፤ እንዲያውም ትጉህ ሠራተኛ ነው። ግን ባቲ በአንድ ጠቅታ ክልል ቀየረች። የአማራ ክልል ድምር ላይ የለችም፤ የኦሮሚያ ክልል ድምር ላይ ብትኖርም እዚያ ማንም አይፈልጋትም። ወደ ባቲ መጫን የነበረበት መድኃኒት ወይም ስንዴ በዚህ ሠንጠረዥ ከታዘዘ፣ ማን እንዳስቀረው የሚጠየቅ ሰው እንኳን አይገኝም። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል።

በግጭት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከስንዴም ያልፋል። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ ደም ሲፈስ፣ አጣዬ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ጅሌ ጥሙጋ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ሁለቱም አማራ ክልል ውስጥ መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ «በኦሮሚያ ዞን» የሚል ዜና ሲያነብ ምን እንደሚገባው አስቡት። ክልልና ክልል የተዋጉ ይመስለዋል። በባሕር ማዶ ተቀምጦ ያንን የሚያጋራ፣ ያንን ይዞ የሚሳደብ፣ ያንን ይዞ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ስንት ነው? አንድ ያልተፈታ ስም እሳት ላይ የሚጨመር ጭራሮ ይሆናል።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ለክልሎች ኮድ ከሰጠ ቆይቷል፤ ትግራይ 01፣ አፋር 02፣ አማራ 03፣ ኦሮሚያ 04 እያለ ይቀጥላል። ከክልሉ ኮድ ስር የዞኑ፣ ከዞኑ ስር የወረዳው ይሰካል። በ03 የሚጀምር ቁጥር ከ04 ጋር ሊምታታ አይችልም፤ ስሙ በአማርኛ ተጻፈ፣ በቁቤ ተጻፈ፣ በእንግሊዝኛ ተጻፈ ለውጥ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ማስተባበሪያም የኢትዮጵያን ካርታዎች በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው የሚሠራው። ኮዱ እያለ በመሥሪያ ቤቶች መካከል የሚመላለሰው ፎርም ዛሬም በስም ነው የሚሞላው። ለምን? ኮዱን የሚያውቀው ስታቲስቲክስ ክፍል ነው፤ ፎርሙን የሚያዘጋጀው ግዢ ክፍል ነው።

ስም ግን የበሽታው ቀላሉ ዓይነት ነው። ከባዱ የማናውቀውን እንደምናውቀው አስመስለን መጻፋችን ነው።

ባቲ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ያለባት ከተማ ናት። በ1977 ከኮረም ጋር ስሟ ዓለምን የዞረው በቅኝቷ ወይም በሰኞ ገበያዋ አልነበረም፤ ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ በሰፈረበት መጠለያ ነው። ያኔ «ድርቅ» ነው ወይስ «ረሃብ»፣ «የምግብ እጥረት» ነው ወይስ «እልቂት» የሚለው የቃላት ጨዋታ አልነበረም። በየቃሉ ልክ እህል ይመጣል ወይም አይመጣም። ዓለም ከዚያ ዓይነቱ መከራ ተምሮ አይፒሲ የሚባለውን የምግብ ዋስትና ምደባ ሠራ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ ላይ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። አምስት ደረጃ አለው። አንድ አካባቢ ረሃብ ላይ ነው የሚባለው 20 በመቶ ቤተሰብ ፍጹም የምግብ እጦት ላይ ሲሆን፣ 30 በመቶ ሕፃናት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲጎዱና ከ10,000 ሰው በቀን ሁለት ሲሞት ነው። ጥብቅ ትርጉም ማለት ይህ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ምደባው ማስረጃው ራሱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በኮከብ ያስቀምጣል፤ አንድ ኮከብ ተቀባይነት ያለው፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሦስት ከፍተኛ። መለኪያው ሁሉ ባልተሟላበት ቦታ «በበቂ አመላካች ማስረጃ የተደገፈ ረሃብ» የሚል የተለየ ስያሜ አለው። ማለትም፦ ይህን እናውቃለን፣ ይህን ያህል ነው የምናውቀው። በዚህ ስሌት ላይ ፖለቲካው ሊነሳበት ይችላል፤ እኛም አገር ተነስቶበታል። ግን ቢያንስ የሚከራከሩት ሰዎች ስለ ምን እንደሚከራከሩ ያውቃሉ።

አሁን ከዓለም አቀፉ መለኪያ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንውረድ። የልደት ቀን የሚል ሳጥን አለ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ሦስቱም ካልተሞሉ ሲስተሙ አያሳልፍም። ከፊት ለፊት የቆሙት እናት ልጃቸው «የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም፣ መኸር ሲገባ» እንደተወለደች ይናገራሉ። እውነት ነው የተናገሩት፤ ትክክለኛም ነው፣ በሚያውቁት ልክ። ጸሐፊው ግን «መኸር ሲገባ» የሚጻፍበት ቦታ የለውም። መስከረም 1 ብሎ ይሞላል። ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ፎርም ከሆነ ጃንዋሪ 1 ይሆናል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ስደተኞቻችንን ጠይቁ፤ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ ስንት እንደሆነ ቁጥሩ ያስቃችኋል። በቆጠራ ውጤቶቻችን ላይም ዕድሜ 30፣ 40፣ 50 ላይ ሲከመር፣ 31ና 41 ላይ ሲሳሳ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ሁልጊዜ ያዩታል። ሰዉ አልዋሸም። «አርባ ገደማ» ብሏል፤ «ገደማ» የሚለውን የበላው ፎርሙ ነው።

ይህ የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች እንዳይፈጸም ይከለክላል። የልጅቱ መታወቂያ ላይ «መስከረም 1 ቀን» ተብሎ ሙሉ ቀን ሲጻፍ፣ ያንን ወረቀት የሚያይ ዳኛ፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ወይም መምህር የተረጋገጠ ነገር ያየ ይመስለዋል። ግምት መሆኑን የሚናገር ምልክት የለም። ወረቀቱ ላይ «ግምት» የሚል አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ «እስኪ ጤና ጣቢያ ትታይ፣ እስኪ የትምህርት ቤት መዝገቧ ይምጣ» የሚል ይገኝ ነበር። በሙሉ ቀን የተሞላ ግምት የሚጠብቀው ልጅቱን አይደለም፤ ሊድሯት የቸኮሉትን ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። «የልደት ዓመት፦ 2003» ይላል መዝገቡ። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ዘንድሮ በ2018 ልጅቱ 15 ናት። መዝገቡ ፈረንጅኛ ሲስተም ውስጥ ሲገባ ማንም ካልቀየረው ያው 2003 የአውሮፓ ይሆንና ልጅቱ 22 ወይም 23 ትሆናለች። ቁጥሩ አልተሳሳተም። አንድም አሃዝ አልተነካም። የጎደለው «ዓ.ም.» ወይስ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ብቻ ነው፤ በዚያ ጉድለት ግን አንዲት ሕፃን በወረቀት ላይ ለአካለ መጠን ደረሰች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ሲጀመር ከዚያ ወዲህ የሚወለዱት ልጆች ከዚህ ይድናሉ ተብሎ ነበር፤ በወቅቱ የተመዘገቡት ይድናሉም። ከዚያ በፊት የተወለዱት ግን ዛሬ የሚማሩት፣ የሚዳሩት፣ የሚሰደዱት ናቸው።

«ምን ይደረግ ታዲያ፣ የማይታወቅ ቀን ከየት ይምጣ?» ትሉኛላችሁ። ከየትም አይምጣ! የማይታወቀው አይጻፍ፤ የታወቀው በታወቀበት ልክ ይጻፍ። ዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃ አይሶ 8601 ዓመቱን ብቻ ጽፎ መተው ይፈቅዳል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛ ክፍሉ ደግሞ «ገደማ» እና «ያጠራጥራል» የሚሉ ምልክቶች አሉት። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው የመዘገበው የሕንዱ አድሃር የልደት ቀን ላይ ሦስት ደረጃ አለው፦ በሰነድ የተረጋገጠ፣ ባለቤቱ የተናገረው፣ የተገመተ። የተገመተ ከሆነ ካርዱ ላይ ዓመቱ ብቻ ይወጣል። ሕንድም ከጃንዋሪ 1 አላመለጠችም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የተወለደበት መዝገብ በጋዜጣ ወጥቶባታል። ልዩነቱ እነሱ ለችግሩ ሳጥን ሠርተውለታል። የእኛ ፋይዳ የተገነባው እዚያው ሕንድ ባንጋሎር በተሠራ ሞሲፕ በሚባል መድረክ ላይ ነው፤ ልምዱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ስለ ፋይዳ አንድ ጥሩ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአዋጅ 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ ብሔርህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረችው ያች ሳጥን ምን እንዳደረሰችብን አንረሳም፤ በተለይ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ፣ አያቱ አፋር ወይም አርጎባ የሆነ የወሎ ሰው በአንድ መስመር ተጨፍልቆ ሲጻፍባት። ምን እንደማይጠየቅ መወሰንም ትርጓሜ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ሌላውንም ሊያስብ ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ደረጃ ካነሳን፣ በዚህች አገር ዳታ ደረጃ እንዳለው በግልጽ የሚናገር አንድ መስክ አለ። ገበሬው ያውቀዋል፤ የመሬት ምዝገባ ነው። አማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «አንደኛ ደረጃ» የይዞታ ደብተር ሰጠ። ማሳው በገመድ ተለካ፣ አዋሳኞቹ በአራቱ ማዕዘን በስም ተጻፉ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ተለጠፈ። ካርታ የለውም። ቀጥሎ «ሁለተኛ ደረጃ» መጣ፤ ከአየር በተነሳ ፎቶ ላይ ወሰኑ ተሰምሮ፣ ማሳው ቁጥርና ካርታ ኖረው። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ በ2006 ገደማ የተጀመረው ሊፍት የተባለው ፕሮግራም ብቻ በአራት ክልሎች 14 ሚሊዮን ማሳ ለማዳረስ ነበር የተነሳው።

አንደኛ ደረጃ ሲባል «የማይረባው» ማለት አይደለም። ሩጫውን አስቡት፤ ካርታ እስኪነሳ ቢጠበቅ ኖሮ ስንት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን በተቀማች ነበር? አዋሳኝ ጎረቤትን በስም መጻፍ ለዚያ ዓላማ በቂ ትክክለኛነት ነበረው። ወሰን ሲገፋ የሚመሰክረው ጎረቤት እንጂ ሳተላይት አይደለም። እንዲያውም የድሮው «ጥማድ» ራሱ ከዚህ አንጻር ሐቀኛ መለኪያ ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው፤ ኮረብታ ላይ ያንሳል፣ ሜዳ ላይ ይሰፋል፣ ሰሚው ሁሉ ይህን ያውቃል። ችግሩ የመጣው ጥማዱ ሩብ ሄክታር ተብሎ፣ ገመዱ ደግሞ ወደ ሄክታር ተቀይሮ በነጥብ አራት አሃዝ ሲጻፍ ነው። አራተኛው አሃዝ እኮ አንድ ካሬ ሜትር ማለት ነው! የረጠበ ገመድና የደረቀ ገመድ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። ከዓመታት በኋላ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ቆመው በሦስተኛውና በአራተኛው አሃዝ ሲካሰሱ፣ ዳኛው ፊት ያለው ወረቀት «በገመድ ነው የተለካሁት» ብሎ አይናገርም። ቁጥሩ ከለካው እጅ ይልቅ ራሱን አስከብሯል።

እንግዲህ ሁለተኛ ደረጃ ደብተር የያዘ ገበሬ ወሰኑ ተረጋገጠለት እንበል። ስሙስ? ባቲና ከሚሴ ላይ ያለ አንድ ሰው ስሙ በቀበሌ መዝገብ «መሐመድ»፣ በመሬት ደብተር «ሙሀመድ»፣ በልጁ ትምህርት ቤት መዝገብ በቁቤ አጻጻፍ፣ በባንክ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። በቁቤው አናባቢው ይረዝማል፣ በእንግሊዝኛው አንዴ በሁለት «ኤም» አንዴ በአንድ ይጻፋል። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፊደል ለፊደል ብቻ የሚያነጻጽር ሲስተም «መሐመድ»ን ፈልግ ሲባል «መሀመድ»ን የለም ይላል። ባለሥልጣኑም «ኮምፒውተሩ የለም አለ» ይላል። ሰውየው ቆሞ እያወራው! የፋይዳ 12 አሃዝ ቁጥርና የጣት አሻራ ለወደፊቱ ይህን ይፈታል፤ ያለፈውን አይፈታም። ሟች አባት ፋይዳ የላቸውም። ውርሱ የሚፈለገው በእሳቸው ስም ነው፤ የእሳቸው ስም በሦስት መዝገብ ሦስት ነው።

አንባቢዎቼ መካከል «ይህ ሁሉ የጸሐፊዎች ስንፍና ነው፣ አሠልጥናቸው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ከላይ ያነሳኋቸው ጸሐፊ፣ ባለሙያና ለኪ ሁሉ የታዘዙትን በትክክል ሠርተዋል። ስህተቱ የተሠራው ፎርሙ ሲነደፍ ነው፤ ነዳፊው ደግሞ ባቲን አይቷት አያውቅም።

ቢያያት ኖሮ ሰኞ ይምጣ እል ነበር። ሰኞ ባቲ ሌላ ከተማ ናት። ከቆላው አፋሩ ግመሉንና ጨውን ይዞ ይወጣል፣ ከደጋው አማራው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ ከመሃል ይገባል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ይጨናነቃል። ማክሰኞ ጸጥ ትላለች። የባቲ ሕዝብ ስንት ነው ለሚል ጥያቄ የሰኞው መልስና የማክሰኞው መልስ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የምርጫ ጣቢያ ለሚያቅድ ሰው የማክሰኞው ይበቃዋል። ውሃና ሽንት ቤት ለሚያቅድ፣ የኮሌራ ክትባት ለሚያቅድ ሰው ግን የሰኞው ነው የሚያስፈልገው። በቆጠራ ሪፖርታችን «ከተማ» ማለት ምን እንደሆነ እንኳ አስቡት። የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተማ የሆነ ሁሉ በሹመት ከተማ ነው፤ ሌላው 1,000 ሰውና ከግብርና ውጭ የሆነ ኑሮ ሲኖረው ይቆጠራል። ትርጉሙ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን «የከተሜነት ምጣኔያችን ይህን ያህል ደረሰ» የሚል ተናጋሪ ከቁጥሩ ጋር ይህን ትርጉም ሲያነብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የ1999ን ቆጠራ አስታውሱ። አብዛኛው አገር የተቆጠረው በግንቦት 1999 ነው፤ አፋርና ሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000። የባቲ ምሥራቃዊ ወሰን አፋር ነው። በወሰኑ ወዲህና ወዲያ የሚዘዋወር አርብቶ አደር ቤተሰብ በግንቦት የት ነበር፣ በኅዳርስ የት? በሁለቱም ሊቆጠር ይችላል፤ በሁለቱም ላይቆጠር ይችላል። እኛ ግን ውጤቱ ሲወጣ የተጣላነው በድምሩ ላይ ብቻ ነበር። የአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ሲነገር ፓርላማ ድረስ የደረሰ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ ጥርጣሬው እስከ ዛሬ አልበረደም። ልክ ነበር መጨቃጨቁ። ግን ከድምሩ በፊት «ነዋሪ» ማለት ማን ነው፣ መቼ ተጠየቀ፣ በማን ቤት ተቆጠረ የሚለው ነበር የሚቀድመው። ያ በግልጽ ተቀምጦ፣ ሁሉም አንብቦት ቢሆን ኖሮ ሰዉ ቢያንስ የጎደለው የት እንደጎደለ ሊፈልግ ይችል ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ያለው ቆጠራ ደግሞ በ2010፣ ቀጥሎም በ2011 ተራዝሞ ይኸው እስከ አሁን አልተካሄደም። ዛሬ የምንሰማው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ከዚያ ከ1999ኙ እየተሰላ የመጣ ትንበያ ነው። በዜና ላይ ግን እስከ መጨረሻው አሃዝ ይነበባል፣ ትላንት የተቆጠረ ይመስል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። «ግምት ብለህ እንድትጽፍ ከፈቀድክ ለሌባ በር ከፈትክ» የሚል። ጡረታ ለማራዘም ዕድሜውን የሚቀንስ፣ ለታዳጊ ቡድን ለመመረጥ ልጅ የሚሆን፣ ለመሬት ድርሻ ዕድሜውን የሚጨምር ሞልቷል፤ ልቅ ሳጥን ለእነሱ ሠርግ ነው ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ነገሩ ተገልብጧል። ዛሬ ሌባውን የሚያገለግለው ጥብቁ ሳጥን ነው፤ የፈለገውን ቀን አስሞልቶ ሲወጣ ወረቀቱ የተረጋገጠ መስሎ ያገለግለዋል። «ባለቤቱ የተናገረው» የሚል ምልክት ከቀኑ አጠገብ ቢኖር፣ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ «በተረጋገጠ ብቻ ነው የምሠራው» ማለት ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ለእኔ የተናገርከው ይበቃል» ይላል። ሁለቱ የሚፈልጉት የትክክለኛነት ደረጃ አንድ አይደለም፣ አንድ እንዲሆንም ማስገደድ አያስፈልግም። ለሁሉም ከፍተኛውን ካስገደድን ድሀው ገበሬ ለጤና መድን ካርድ ሊያመጣው የማይችለውን ሰነድ እንጠይቀዋለን። ለሁሉም ዝቅተኛውን ካደረግን ልጅቱን የሚጠብቃት የለም።

ወጪውስ? የሚጨመረው ዓምድ ሦስት ፊደል አይሞላም። ለቀን፦ የተረጋገጠ፣ የተነገረ፣ የተገመተ፤ ከጎኑም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ.። ለመሬት ስፋት፦ በገመድ፣ በጂፒኤስ፣ በአየር ፎቶ። ለቦታ፦ ከስሙ በፊት ኮዱ። ለስም፦ ዋናው አጻጻፍ በባለቤቱ ቋንቋ፣ ከሥሩ ሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ ሳይሰረዙ። ይህን ለመጨመር አዲስ ሲስተም መግዛት አያሻም፤ ለግዢ ጉዞ ከሚወጣው አበል ባነሰ ይሠራል። የሚያስቸግረው ባለሥልጣኑ መድረክ ላይ ወጥቶ «ከመዘገብነው ውስጥ ይህን ያህሉ ግምት ነው» ብሎ ማንበብ መቻሉ ነው።

ቀጣዩ ቆጠራ ሲመጣ ፎርሙ ከመታተሙ በፊት በየቋንቋው ለሕዝብ ይውጣ። ከቆጣሪዎቹ መመሪያ ጋር፣ «ነዋሪ»፣ «ቤተሰብ»፣ «ከተማ» የሚሉት ቃላት ትርጉም ሳይቀር። ባቲ ላይ ደግሞ ሰኞ ቀን ገበያው መሃል ይሞከር። አፋሩ በግመሉ አጠገብ ቆሞ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል የሚመልሰውን የሚይዝ ሳጥን ያለው ፎርም ከሆነ፣ ለሌላውም አገር ይሆናል።